የዘንዶው ፍየል በየትኛው ዓምድ ትጻፍ?

ከሰኞ እስከ ዓርብ የድርጅት ሂሳብ እይዛለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በምድር ላይ የሌለ የማዕድን ማውጫ ሂሳብ እይዛለሁ። የሚያደክመኝ ሁለተኛው ነው። የድርጅቱን መዝገብ ኦዲተር በዓመት አንድ ጊዜ ያየዋል። የማዕድን ማውጫውን መዝገብ ግን ልጆች በየሳምንቱ ያዩታል፤ ልጅ ደግሞ ሻይ ተጋብዞ የሚያልፈው ጉድለት የለም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው ቤታችን በረንዳ ላይ የእኅቴ ልጆችና ጥቂት የጎረቤት ልጆች ይሰበሰባሉ። አንድ ሰው ይተርካል፤ የቀሩት በታሪኩ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይገባሉ። ምን እንደሚሠሩ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይፈርዳል። ካርታው በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ተሥሏል፤ ዳይሱ ከሉዶ ሣጥን የተወሰደ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ዳይሱን አይተው ልጆቹን ቁማር የማስለምድ መስሏቸው ኖሮ፣ ሊቆጡ መጥተው ቡና ተጋበዙ። ሁለተኛውን ሲኒ እስኪጨርሱ ካዳመጡ በኋላ የራሳቸውን ልጅ ጠርተው ከሌሎቹ ጋር አስቀመጡት። «ከስልኩ ይሻለዋል» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ቁማር የተነሣ ነገር የለም።

ተራኪው እኔ ነኝ። ለልጆቹ ያዘጋጀሁላቸው ዓለም ፀሐይ መሬቱን የማትነካው ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፤ በደኑ መካከል አንድ ሸንተረር አለ፤ በሸንተረሩ ውስጥ የከበሩ ድንጋዮች አሉ። በዙሪያው ወራሪዎች ያደባሉ፤ ከጉድጓዱ ሥር ደግሞ ማንም በዓይኑ ያላየው አውሬ አለ ይባላል። የልጆቹ ሥራ ማዕድን ማውጫውን ማስተዳደር ነው። ስሞቻቸውን የመረጡት በዮሐንስ ራእይ ከተጠቀሱት የከተማይቱ የመሠረት ድንጋዮች ነው፤ የዘቦቹ አለቃ ሰርድዮን፣ የመጋዘን ኃላፊዋ ያክንት ሆኑ። ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ የምትማረው ትልቋ የእኅቴ ልጅ ቢረሌ መባልን መረጠች። በራእዩ ዝርዝር መረግድ አራተኛ፣ ቢረሌ ስምንተኛ ሆነው ተራርቀው ተቀምጠዋል። እርሷ ግን ዛሬ ኤመራልድ የሚባለው መረግድ ከቤሪል፣ ማለትም ከቢረሌ፣ ማዕድን ወገን መሆኑን አስረድታ «እንግዲህ የጉድጓዱ ባለቤት እኔ ነኝ» አለች። ተቃዋሚ አልተገኘም።

በእንዲህ ዓይነት ታሪኮች ላይ የቆየ ቅሬታ አለኝ። ወራሪው ከየት እንደመጣ አይነገርም፤ ከጫካ ይወጣል፣ ይጮኻል፣ ይሞታል። አውሬውም በዕንቁ ክምር ላይ ተጋድሞ ሺህ ዓመት ይጠብቃል፤ ዕንቁውን አይበላው፣ አይሸጠው፣ ለልጁ አያወርሰው። ለምን እንደሚጠብቀው ደራሲው ራሱ የተጨነቀበት አይመስልም። እኔ እንደማየው ማዕድን ማውጫ ጠላቶቹን ከውጭ አያስመጣም፤ ወራሪውንም አውሬውንም ከድንጋዩ ጋር አብሮ ቆፍሮ የሚያወጣቸው ራሱ ነው። ይህን ለልጆች መስበክ አሰልቺ ስለሆነ በጨዋታው ሕግ ውስጥ ቀበርኩት። ሳይሸጥ በመጋዘን ለሚያድር ለእያንዳንዱ ከረጢት ድንጋይ ወራሪዎቹ አንድ ነጥብ ያገኛሉ። ጉድጓዱ አንድ ደረጃ በጠለቀ ቁጥር ደግሞ አውሬው አንድ ነጥብ ያገኛል። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

የመጀመሪያውን ሕግ የወሰድኩት በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ካሉት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ሲነጋጋ ጀልባቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ሲገቡ አንድም አባ ኮዳ አይከተላቸውም። መረብ መጣል፣ መቅዘፍ፣ ከጉማሬ መጠንቀቅ የእነርሱ ጉዳይ አይደለም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከጀልባ ወርዶ፣ ልጆቹ ቢላዋቸውን አውጥተው ሆዱን መክፈት ሲጀምሩ ግን ያ ሁሉ ወፍ ከየዛፉ ወርዶ ዙሪያውን ከቦ ይቆማል። የእኔ ወራሪዎችም ወደ ጉድጓዱ አፍ ዝር አይሉም። መቆፈር ከባድ ሥራ ነው። ድንጋዩ ታጥቦ፣ ተለይቶ፣ በከረጢት ታስሮ እስኪቀመጥ ይጠብቃሉ፤ የሌላው ሰው ላብ እስኪደርቅ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ሕጉን እንዳነበብኩላቸው ከልጆቹ መካከል ትንሹ ያነሣው ጥያቄ ስለ ሰይፍም ስለ ዘንዶም አልነበረም። «ጋሼ፣ ሽፍቶቹ ምን ይበላሉ?» አለኝ።

አርባ ሰው በጫካ ውስጥ ተቀምጧል። አያርስም፤ አድኖም አርባ ሰው አይጠግብም። ስለዚህ ይገዛል። ከማን ይገዛል? ለቆፋሪዎቹ ቆጮና ቡና ይዘው ከሚመጡት ሴቶች እንጂ ከማን ይገዛል! እነዚያ ሴቶች በመዝገቤ ውስጥ አንድ መስመር ነበሩ፤ «የቀለብ ወጪ» ብዬ ጽፌ አልፌያቸዋለሁ። በዚያ ቅዳሜ ግን በመላው ደን ውስጥ ሁለቱንም ወገን የሚያውቁ ብቸኛ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ያክንት ወዲያው የቆጮ ዋጋ በየቀኑ እንዲመዘገብላት አዘዘች። ዋጋው ድንገት የተወደደ ዕለት ከካምፑ ውጭ ሌላ ገዥ አለ ማለት ነው፤ ሌላ ገዥ ካለ ወራሪዎቹ ቀርበዋል። ዘብ በየዛፉ ላይ ሰቅለን ያላገኘነውን ወሬ የገበያ ዋጋ ነገረን። እውነት ለመናገር በሂሳብ ሙያዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ቅዠት መስሎ የሚታየው ካለ ወደ አክሱም ዘመን ልውሰደው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ወደብ ድረስ የመጣው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው አገር ገዥ በኩል ሳሱ ወደምትባል የወርቅ ምድር ስለሚልካቸው ሰዎች ጽፏል። ከንጉሡ መልእክተኞች ጋር ለራሳቸው ንግድ የሚሄዱት ተጨምረው ሲራራው ከ500 ሰው ይበልጣል። የሚይዙት ከብት፣ ጨውና ብረት ነው። ከወርቁ አገር ሲደርሱ እሾህ ቆርጠው ሰፊ አጥር ያጥራሉ፤ በውስጡ ይሰፍራሉ፤ ከብቱን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾሁ ላይ ይደረድራሉ። የአገሩ ሰው መጥቶ፣ ደስ ባለው ዕቃ ላይ አንድ ወይም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የወርቅ እንክብል አኑሮ ፈቀቅ ይላል። ባለ ዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፤ ካልበቃው ሳይነካው ይተወዋል። ያ ሰው ተመልሶ ያያል፤ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። ቋንቋ ስለማይግባቡ አንድ ቃል አይነጋገሩም።

እኔ ይህን ሳነብ የሂሳብ ሰው ዕንባ ነው የሚመጣብኝ። ደረሰኝ የለም፣ ፊርማ የለም፣ ክርክር የለም፤ ሚዛኑ ትዕግሥት ብቻ ነው። ስንቁን ተመልከቱልኝ፤ ሸቀጡ በራሱ እግር ይሄዳል፣ የጭነት ዋጋ አይጠይቅም። ዋጋው በሌላ በኩል ይከፈላል፤ ከብት እየነዱ መሄድ ዝግ ያለ ጉዞ ነው። ደርሶ ለመመለስ ስድስት ወር ይፈጅባቸው ነበር፤ ሲመለሱ ግን ክረምቱ ገብቶ ወንዞቹ ሳይሞሉባቸው ይቸኩላሉ። ሌላም የሚያስቸኩላቸው ነገር ነበር። በመንገዱ ላይ ወርቁን ሊነጥቋቸው የሚያደቡ ሰዎች ስላሉ ሲራራው የሚጓዘው ታጥቆ ነው። ወራሪው ያለው መንገዱ ላይ እንደሆነ ልብ በሉ። ሳሱ ድረስ ሄዶ ወርቅ መፈለግ እርሱንም ስድስት ወር ያስከፍለዋል፤ የሌላው ሰው ስድስት ወር ተጠቅልሎ በአንድ ከረጢት ሲመጣለት ምን አደከመው?

ወደ ደናችን ልመለስ። ልጆቹ ማዕድን ማውጫውን በተረከቡ በሦስተኛው ወር፣ በጨዋታው ወር ማለቴ ነው፣ ገንዘብ አጠራቸው። ሰርድዮን ከቆፋሪዎቹ ሲሶውን አሰናበተና በተረፈው ደመወዝ ዘብ ቀጠረ። መዝገቡ ያን ዕለት ደስ ይል ነበር፤ ወጪ ቀንሷል፣ ጥበቃ ጠንክሯል። በቀጣዩ ቅዳሜ ወራሪዎቹ በኋላ በር ገቡ። የኋላ በር መኖሩን ከቆፋሪ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ልጆቹ የተሰናበቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር ከእኔ ተቀብለው አንድ በአንድ ሲያዩት፣ ባለፈው ሳምንት ከደመወዝ ዓምድ የሰረዝናቸውን ሰዎች ዛሬ በወራሪ ዓምድ አገኟቸው። ሰርድዮን ተቆጣ፤ ተራኪው ተንኮል ሠርቶብኛል አለ። ምን ተንኮል አለው? እነዚያ ሰዎች ልጆች አሏቸው፤ የሚያውቁት ሙያ ደግሞ ያ ጉድጓድ ብቻ ነው።

በእውነተኛው ዓለም በደን የተከበበ የዕንቁ ጉድጓድ የምትፈልጉ ከሆነ የኮሎምቢያዋን ሙዞን ተመልከቱ። ስፔኖች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲመጡ የሙዞ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ ተዋግቷቸዋል፤ ያ በቂ ደም አልሆነም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያው አካባቢ «አረንጓዴው ጦርነት» የተባለ እልቂት ተነሣና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁበት። የተዋጉት የባዕድ ወራሪዎች አልነበሩም፤ መረግድ የሚያወጡትና የሚሸጡት ቤተሰቦች እርስ በርሳቸው ነበር የተገዳደሉት። ሰላም የወረደው በ1990 በቤተ ክርስቲያን አስታራቂነት ነው። ከጉድጓዱ በታች፣ በወንዙ ዳር ደግሞ ሌላ ሕዝብ ነበር፤ ከላይ ተገፍቶ የሚወርደውን ጥቁር አፈር እያጠበ ያመለጠ ድንጋይ የሚፈልግ ድሃ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ያክንት ጉድፉን ወደ ወንዝ እንክፈተው አለች። ማንም ይጠብ፣ ያገኘውን ለእኛ በመጋዘን ዋጋ ይሽጥ። ዳይሱ የወራሪዎቹን ቁጥር በግማሽ ቀነሰው። ከዘብ ደመወዝ ጋር ሳነጻጽረው ያመለጠው ድንጋይ ርካሽ ሆኖ አገኘሁት፤ በመዝገቤ ውስጥ ግን «ኪሳራ» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ቢረሌ በዚህ ሁሉ መካከል የራሷን ጦርነት ይዛ ነበር። እኔ መረግዱን ባሻኝ ቦታ ስበትነው «እንደዚያ አይሆንም» ትላለች። መረግድ የሚወለደው መገናኘት የሌለባቸው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው። ቤሪሊየም የሚባለው ንጥረ ነገር በአብዛኛው ከግራናይት ዘመዶች፣ በተለይም ፔግማታይት ከሚባለው ድንጋይ ጋር ይመጣል፤ አረንጓዴውን ቀለም የሚሰጠው ክሮሚየም ደግሞ በአብዛኛው ከጥልቅ የምድር ክፍል በወጡ ጥቋቁር ድንጋዮች ውስጥ ይገኛል። ሁለቱ በአንድ ስንጥቅ ካልተገናኙ መረግድ የለም። ከሐዋሳ ወደ ጉጂ ብንወርድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የዓለም ገበያ የሚያውቀው የሻኪሶ መረግድ ፔግማታይት ከሺስት ጋር ከተገናኘበት አካባቢ ነው የሚወጣው። ሺስት በንጣፍ በንጣፍ የሚላቀቅ ድንጋይ ነው፤ ሲረጥብ ይንሸራተታል። ስለዚህ የድጋፍ እንጨት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዛፍ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ደኑ ከዙሪያው ይሸሻል። ደኑ ሲሸሽ ዝናቡ ያለ ከልካይ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። እኔ ያሰብኩት አንድ የሚያምር አረንጓዴ ድንጋይ ነበር፤ እርሷ በአንድ ቅዳሜ ሙሉ የወጪ ገጽ አስጻፈችኝ።

ደኑን ግን አላስነካኋትም። እርሱ የእኔ ነው፤ ግማሹን ከባሌ ሐረና ነው የወሰድኩት፣ ጉሙን፣ ሽበት ያንጠለጠሉትን ትልልቅ ዛፎች፣ በጥላቸው ሥር ማንም ሳይተክለው የሚያፈራውን ቡና። ጉሬዛዎቹ የሐዋሳ ናቸው፤ በረንዳው ላይ ስንጫወት ከበላያችን ሲዘሉ ድምፃቸውን በነፃ ያዋጡልናል።

አሁን ስለ አውሬው። ልጆቹ ዘንዶ ይሁን አሉ፤ ተስማማሁ። በአገራችን ትርክት ከነገሥታቱ ሁሉ በፊት የነገሠው ዐርዌ ዘንዶ ነው። ሕዝቡ ከብቱንና ልጆቹን እየገበረለት ኖረ፤ በኋላ አንጋቦ መርዝ ያበላትን ፍየል አብልቶ ገደለው ይባላል። በዚህ ትርክት የምወድለት አንድ ነገር አለ። ዐርዌ የሚኖረው በሀብት ላይ ተኝቶ አይደለም፤ ግብር እየተቀበለ ነው። የእኔም ዘንዶ እንዲሁ ገባ። ቆፋሪዎቹ ጎሕ ሲቀድ፣ ማንም ሳይወርድ በፊት አንዲት ፍየል በገመድ ወደ ታች ይሰዳሉ። አንዳንድ ቀን በሕይወት ትወጣለች፤ አንዳንድ ቀን ሞታ ትገኛለች። ሞታ ከተገኘች ዘንዶው ግብሩን ተቀብሏል፤ ያን ቀን ማንም አይወርድም። ሰርድዮን የአንጋቦን መንገድ መረጠ፤ ፍየሏን መርዘን እንስደድ አለ። ቢረሌ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «የሞተችው ፍየል ቁስል አላት?»

የላትም።

«ዘንዶው ታዲያ ገድሎ ለምን አይበላትም?»

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቦሄሚያና በሳክሶኒ ከተሞች ሐኪም የነበረው አግሪኮላ፣ አናበርግ በተባለች ከተማ ጉድጓድ ውስጥ ስለታየ ጋኔን የተነገረውን ጽፏል። ጋኔኑ በፈረስ መልክ ይታያል፤ አሥራ ሁለት ሠራተኞችን የገደለው በእርግጫ ሳይሆን በትንፋሹ ነው። ዛሬ ይህን የሚያነብ የማዕድን መሐንዲስ ፈረሱን ትቶ ትንፋሹን ይይዛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ነፋስ በማይደርስበት ጉድጓድ ታች ይጠራቀማል፤ አይታይም፣ አይሸትም። ቢረሌ በገመድ ፋኖስ አውርዳ ከጉልበት ዝቅ ሲል ሲጠፋ አየች፤ ከፍ ስታደርገው በራ፣ ማለትም እንደገና ስትለኩሰው አልጠፋም። እንግሊዞች ደግሞ ሌላውን የማይታይ ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ለማወቅ ትንንሽ ወፎችን ይዘው ይወርዱ ነበር፤ ይተዉ የተባለው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ቆፋሪዎች ፍየል ነበራቸው።

እዚህ ላይ የእኔ ችግር ጀመረ። ፍየሎቹን እስከዚያ ቀን «ግብር» በሚል ዓምድ ነበር የምጽፋቸው። ቢረሌ ወደ «ደኅንነት» ዓምድ ይዛወሩ አለች። እኔም ነገሩ ከገባኝ በኋላ ፍየል ውድ መሆኗን፣ ፋኖስ ርካሽ መሆኑን አሳየሁ፤ በፋኖስ እንተካት። ቆፋሪዎቹ ግን እምቢ አሉ፤ የቆፋሪዎቹን ቃል የምናገረው እኔ ስለሆንኩ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ፋኖስ ነፋስም ያጠፋዋል፤ ፍየል የነፍስ ምስክር ናት። ያለ ፍየል የሚወርድ የለም። ሁለቱንም ቀጠልንበት። አሁን ፍየሏ በሁለት ዓምድ መካከል ቆማለች፤ ግማሽ ዋጋዋ ግብር፣ ግማሽ ዋጋዋ ደኅንነት። እንዲህ ያለ መዝገብ በሥራ ቦታዬ ባቀርብ ምን እንደምባል አውቃለሁ።

ትንፋሽ ብቻም አይደለም የሚገድለው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ ዱርባ በተባለች የወርቅ ማውጫ አካባቢ ማርበርግ የተባለው የቫይረስ በሽታ 154 ሰው ይዞ 128ቱን ገደለ። ከታመሙት ብዙዎቹ ከጉድጓድ የሚመለሱ ወጣት ቆፋሪዎች ነበሩ። ወረርሽኙ የቆመው ጉድጓዱ በውሃ በተጥለቀለቀበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኡጋንዳ ውስጥ፣ ኪታካ በተባለ ማዕድን ማውጫ ቆፋሪዎች በዚሁ በሽታ ከታመሙ በኋላ ተመራማሪዎች ገብተው ቫይረሱን በዋሻው ውስጥ በሚኖሩት የፍራፍሬ ሌሊት ወፎች ላይ አገኙት። ዋሻ ቆፍሮ የሚተው ሰው ለሌሊት ወፍ ቤት ሠራ ማለት ነው፤ ተመልሶ ሲገባ ቤቱ ባለቤት አለው። ይህን ክፍል ወደ ጨዋታው አላስገባሁትም። ትንሹ ልጅ ሌሊት ይባንናል፤ እናቱም ከእኔ ጋር ተነጋግራበታለች። ዘንዶን አይፈራም፤ ሌሊት ወፍን ግን በሐዋሳ ዛፎች ላይ በየምሽቱ ያያል።

ዘንዶው አለ ወይስ የለም? ልጆቹ ይህን ጽሑፍ እንደሚያነቡት ስለማውቅ አልመልስም። የምናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ገመዱ ሲሳብ ባዶውን ወጣ። ፋኖሱ ግን አልጠፋም ነበር።

ስለዚህ የጥልቁ ጉድጓድ ተዘግቷል። የዘጋነው ግን በዘንዶው ምክንያት ነው ብለን አልመዘገብንም፤ ክረምት ገብቷል ብለን ነው። ያክንት በሕጉ ውስጥ ቀዳዳ አግኝታለች፤ ነጥብ የሚያስገኘው በመጋዘን ያደረ ድንጋይ ነው፣ በግድግዳው ውስጥ ያለ መረግድ ለወራሪ አይቆጠርም። ዝናቡ እስኪያልፍ እዚያው ይቆይልን አለች። የሥራ ፈት ደመወዝ ከየት እንደሚከፈል ስጠይቃት ወደ ላይኛው ጉድጓድ አመለከተች።

የላይኛው ጉድጓድ ኦፓል ነው። ቢረሌ መረግድና ኦፓል በአንድ ሸንተረር እንዲኖሩ የፈቀደችው በብዙ ልመና ነው፤ ከታች ጥንታዊው ድንጋይ፣ ከላይ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ይሁን ብላ። አመዱ ውስጥ ያለው ከወሎው ኦፓል ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በደላንታ ወገል ጤና ተገኝቶ ዓለምን ካስደነቀው ድንጋይ። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ያ የሚጫወት ቀለሙ ጠፍቶ ብርጭቆ የመሰለ ተራ ጠጠር ይሆናል፤ በቀስታ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል የእኔን ድምፅ የሰማ አልነበረም። ደላላው በግማሽ ዋጋ ልግዛችሁ ብሎ ካምፑ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ እነርሱ ግን ሲራራ ሊልኩ ወሰኑ። ኦፓሉን ውሃ በሞላባቸው ቅሎች ውስጥ ከተቱት። ወራሪ ቅሉን ቢከፍት የሚያየው ውሃና ጠጠር ነው።

ሚዛኑ ላይ እኔ ተጣላኋቸው። ድንጋዩ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል። የደረቀውን ክብደት ጽፌ ብልክ ገበያው ላይ ትርፍ ይገኛል፤ የረጠበውን ጽፌ ብልክ ደርቆ ሲመዘን ጉድለት ይገኛል፤ ጉድለት ሲገኝ የሚጠየቀው የበቅሎ ነጂው ነው። ሁለቱንም እንድጽፍ ተስማማን፤ ነጂውም ፈረመ።

ሁሉም ነገር አልቆ፣ ጭነቱ ታስሮ፣ ሰርድዮን ዘቦቹን ሊያሰልፍ ሲል ትንሹ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ሽፍቶቹ ውሃ ቢጠማቸውስ?»

ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገሩ። መጨረሻ ላይ አንዲት በቅሎ ተጨመረች፤ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ብቻ ጭና ከሲራራው ፊት ፊት ትሄዳለች፤ የመጣው ወራሪ እርሷን ዘርፎ ጠጥቶ ይሂድ። ዋጋዋን የት እንደምጽፍ ገና አልወሰንኩም። ሰርድዮን «ዘብ» ይላል፤ ቢረሌ «ደኅንነት» ትላለች፤ ያክንት ከፍየሏ አጠገብ «ግብር» ውስጥ አስገባት እያለች ነው።